ከጎሉ ጀርባ ቢጫ የለበሰው

«ሸጦት እኮ ነው። ፖስታውን ሲቀበል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ ባለ ኮፍያው ጎረምሳ፣ የተጠበሰ ፌንጣ እየቆረጠመ። ፌንጣ ሻጯ ናሉቤጋ በዚያ ሰዓት ለጓደኛው በኩባያ ሰፍራ በጋዜጣ ጥቅልል ውስጥ ገልብጣለት፣ ምርቃት ልትጨምርለት እጇን ገበቴው ውስጥ ከትታ ነበር። እጇ እዚያው ቀረ። ጎረምሳው ስለ ማን እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ በኛ ሰፈር «ሸጠ» ከተባለ የተሸጠው ያው አንድ ጨዋታ ነው፣ ሻጩም ያው አንድ ሰው ነው፣ እሱም የእናቷ ልጅ ሰሩንጆጊ ነው። እስከ ዛሬ ግን ሰዉ «ሸጠ አሉ» ነበር የሚለው። ይኼኛው «አይቻለሁ» አለ። ያየው ካምፓላ መሀል ባለው ትልቅ የገበያ ሕንጻ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ስለ ቡድናችን በተሠራው ፊልም ላይ ነው፤ ሃያ ሺህ ሺሊንግ የከፈለበትን ነገር ውሸት ነው ቢሉት ደግሞ የትኛው ጆሮው ይሰማል። ናሉቤጋ ምርቃቱን ወደ ገበቴው መለሰችና «በሉ ዞር በሉ ከፊቴ፣ ገበያ አትዝጉብኝ» አለቻቸው። ልጆቹ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ሄዱ።

«ፌንጣዎቹ» የሚባለው የኛ ሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ነበር። ሰፈራችን ረግረግ ላይ ነው፤ ክረምት ሲሆን የጎሉ ብረት እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ይቆማል። ያ ቡድን አንድ ዓመት ምን እንደነካው እንጃ፣ ኮረብታ ላይ ያሉትን ሀብታም ቡድኖች አንድ በአንድ እየጣለ ለዋንጫ ደረሰ። ዋንጫው ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ቀላል ኳስ በበረኛው በሰሩንጆጊ እጅ አልፋ ገባች። ታሪኩ ይኼው ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ካሜራቸውን ተሸክመው ሲመጡ ግን ታሪኩ አላለቀም አሉን። በነሱ ፊልም ቡድኑ በዓመቱ ተመልሶ ዋንጫውን ይበላል። በእውነቱ በዓመቱ ሜዳው ተሸጦ የሲሚንቶ መጋዘን ነው የተሠራበት፤ ቢሆንም በፊልም እንኳ ማሸነፋችን ደስ ስላለን ማንም አላረማቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጎደላቸው። እንዲህ ያለ ቡድን ያለ ምክንያት አይሸነፍም አሉ። ምክንያት የጠየቁት ደግሞ የኛን ሰፈር ነው፤ አፍ የተረፈውን። ፖስታ ነበር አልናቸው፣ መኪና ነበር፣ መኪናውም ጥቁር ነበር። ተናጋሪው መዓት ነው፣ ያየ ግን አንድም የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ለፊልም ሠሪዎቹ መናገራችንን ሰሩንጆጊና እህቱ ብቻ አልሰሙም። እንዲያውም ቀረጻው ሲደርስ ሰሩንጆጊን ራሱን ተመልካች እንዲሆን ቀጠሩት፤ ምሳ አብልተው ቢጫ ቲሸርት አለበሱትና ከጎሉ ጀርባ አቁመው «ኳሷ ስትገባ እጅህን አናትህ ላይ አድርግ» አሉት። አደረገ። በሰው ፊልም ምን አገባኝ ብሎ።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ናሉቤጋ ጎረምሶቹን በሆዷ ረግማ ዝም ትል ነበር። ነገ ቅዳሜ ግን የሰሩንጆጊ ልጅ ናንተዛ የምትታጭበት ቀን ነው፤ የሙሽራው ወገን ስጦታውን ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ ወደ ቤት የሚገባበት። በኛ ዘንድ ልጅቷን የምታጋባት እናቷ አይደለችም፣ አባቷም አይደለም። የአባቷ እህት ናት፤ ሴንጋ እንላታለን። ሙሽራውን እጁን ይዛ የምታስገባው እሷ፣ የቤቱ ስም ንጹሕ ነው ብላ በሰው ፊት ቃል የምትሰጠው እሷ፣ ነገር ከተበላሸም የምትረገመው እሷ። የሙሽራው አጎት ሙዜ ዋሉሲምቢ ትናንት ደውለው ነበር። «ሴንጋ፣ እንደምን ዋሉ» ብለው ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፌንጣው ዋጋ ጠየቋት፣ ዘንድሮ ኩባያው መወደዱ እሳቸውንም አስገረማቸው፣ ከዚያ በኋላ ነው ረጋ ብለው «ፊልም ወጣ ሲሉ ሰማሁ። ነገ አስር ሰዓት ኪጎዚ ቤት ይታያል አሉኝ። እሱን አይቼ ስለ ቅዳሜው እንነጋገራለን» ያሉት። ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ ያን ጊዜ አላወቀችም። አሁን አወቀች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር፤ ጨዋነታቸው ነው የከበዳት።

እኩለ ቀን ላይ ገበቴዋን በጨርቅ ሸፍና ወደ ወንድሟ ሄደች። ሰሩንጆጊ ጎሚስታ ነው፤ ሥራ ቦታው ከዋናው መንገድ ዳር ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ የአየር መንፊያ፣ አንድ ገንዳ የቆሸሸ ውኃ፣ የተቀደደ የመኪና ወንበር ነው። ወንበሩ የደንበኛ ነው፤ እሱ ራሱ ሁልጊዜ ጎማ ላይ ነው የሚቀመጠው። ናሉቤጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስለ ቅዳሜ ወንበሮች ተነጋገሩ። ድንኳኑን ያከራያቸው ሰው ዋጋ ጨምሯል፣ ናንተዛ የምትለብሰው የጎሜሲ ቀሚስ ትከሻው ላይ ሰፍቷታል፣ ዝናብ ከጣለ እንግዶቹ ጫማቸውን የሚያወልቁበት የለም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያ ጨዋታ ወዲህ ስለዚያ ጨዋታ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ናሉቤጋ ከሌላው ሰው ጋር ስታወራ ነው የኖረችው፤ በሱ ምክንያት ያልተጣላችው የለም። ገበያ ውስጥ የአንዷን ፀጉር ነጭታ፣ ከበሩ አጠገብ የነበራትን ጥሩ ቦታ ተነጥቃ ወደ ፍሳሹ ዳር የተዛወረችው «ወንድምሽ ሌባ ነው» ስላለቻት ነው። እሱ ግን አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብሏት አያውቅም፣ እሷም ጠብቃ አታውቅም።

«ፊልሙ ላይ ፖስታ አለ አሉ» አለችው በመጨረሻ።

ሰሩንጆጊ የተነፋ ካላማዳሪ ውኃው ውስጥ ነክሮ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልግ ነበር። «ፖስታ?» አለ። «ስትቀበል ያሳያል ነው የምትዪኝ?»

«አንተን የሆነው ልጅ ሲቀበል። ከመኪና መስኮት። ሙዜ ዋሉሲምቢ ደግሞ ዛሬ ሊያዩት ይመጣሉ።»

አረፋው ወጣ። ቀዳዳውን በጠመኔ ከበበው፣ ካላማዳሪውን አውጥቶ በጨርቅ አደረቀው። ፊቱ ላይ ንዴት ፈልጋ አጣች። ንዴቱን ስታጣ፣ የወንድሟ ልጅ ዕጣ በእጇ ነውና፣ እሷ ተናደደች። «ለምን አትናገርም?» አለችው። «ለምን ለአንድ ሰው እንኳ ወጥተህ አልሸጥኩም አትልም?» እሱ ማጣበቂያውን እየቀባ «ብናገር ምን ይለወጣል፣ እታለም» አለ፣ ያን ጊዜም አንድ ቦዳ ነጂ የታክሲ ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ መጣና ወሬው በዚያው ቀረ።

የኪጎዚ ቤት ማለት ኪባንዳ ነው፣ ፊልም ቤት። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ፣ ውስጡ ተራ አግዳሚ ወንበር፤ መግቢያው ሺህ ሺሊንግ ነው። ፊልሞቹ ሁሉ በሰው አገር ቋንቋ ስለሆኑ ኪጎዚ ከጎን ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ይቀመጥና የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በኛ ቋንቋ ይተርካል። ቪጄ ይባላል እንዲህ ያለ ሰው። አስተርጓሚ ማለት ያንሰዋል፤ ለአሜሪካ ፖሊስ የሰፈራችንን ሥጋ ሻጭ ስም ያወጣለታል፣ ንግሥቲቱን ካሳቫ ያስገዛታል፣ ያልወደደውን ሰው ቶሎ ሙት ይለዋል። ግማሹ ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለሱ ነው። ናሉቤጋ ስትገባ ጄኔሬተሩን እየሞከረ ነበር። ገበቴዋን መሬት አስቀመጠችና ተንበረከከች። ሴት ስትሰላም መንበርከኳ የኛ ወግ ነው፤ ግን በዕድሜ የሚያንሳት ሰው ፊት አትንበረከክም፣ ኪጎዚን ደግሞ አፍንጫው ሲዝረበረብ ታውቀዋለች። ደንግጦ ከበርጩማው ወረደ።

«ኧረ ተነሺ እትዬ ናሉቤጋ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ዛሬ ወንድሜን አትግደልብኝ።»

«የሚገድለው ፊልሙ ነው። እኔ ምን አደረግሁ?»

«ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። በኛ ቋንቋ የምትናገረው አንተ ነህ።»

ኪጎዚ ማይክሮፎኑን በቲሸርቱ ጫፍ ወለወለ። «ፖስታውን ሲቀበል እያዩት ምን ልበላቸው? የሰርግ ጥሪ ነው ልበል?» አላት። ቀጥሎም «እኔ ራሴ እኮ ዋንጫውን ያጣን ቀን ቤታችሁን በድንጋይ መትቻለሁ» አለ፣ ለመናዘዝ ሳይሆን ነገሩን ለማስረዳት ያህል። «አውቃለሁ፤ ጣራው እስካሁን ያፈሳል» አለችው ናሉቤጋ። ያሰበችውን ነገረችው። ፖስታው መርዶ ነው በል አለችው፤ የበረኛው እናት ሞታ፣ ሊያረዱት የመጡ ሰዎች ናቸው በል፣ ሐዘኑን ውጦ ሜዳ ገባ በል። ኪጎዚ ዓይኑን ወደ ጣራው አንሥቶ አሰበበት። ሲያስብ ፊቱ እየበራ መጣ፤ ለሙያው የሚሆን ነገር ሲያገኝ እንዲህ ነው። «ይኼማ ያስለቅሳል» አለ። «ሴቶቹ ይነፋረቃሉ።» እጇን ይዞ አስነሣትና በነጻ ግቢ አላት። ያንን ያህል አዋቂ የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዲት ቀላል ነገር እንዴት እንደሳቱ እኔ እስካሁን ይገርመኛል።

አስር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ሞልቶ በሩ ድረስ ቆሟል። ሙዜ ዋሉሲምቢ ካንዙ በሚባለው ረጅም ነጭ ቀሚስ ላይ ኮት ደርበው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። በእንዲህ ያለ ቤት ኮት የሚለብስ ስለሌለ ሰዉ ቦታ ለቀቀላቸው፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ። ናሉቤጋ ከኋላቸው ገበቴዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰሩንጆጊ ዘግይቶ፣ ከነጥቁር እጁ መጣና የበሩን መቃን ተደግፎ ቀረ። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሁሉን አስደሰተ። ኪጎዚ በጥሩ ቀኑ ነበር፤ አሠልጣኙን «ይኼ ሰውዬ ሥጋ ሻጫችን ነው፣ የቀረችው ቢላዋ ብቻ ናት» ብሎ ሲያስቅ፣ የኮረብታዎቹ ቡድን ሲወጣ «ተመልከቱ፣ ወተት ጠጥተው ነው የሚተኙት» ሲል፣ ሰፈራችን በሸራው ላይ ሲታይም ሁሉም የየራሱን ቤት እየጠቆመ ይጮህ ነበር። ከዚያ ጥቁሩ መኪና መጣ። ኪጎዚ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወገኖቼ፣ በሰው ላይ ለክፉ አትቸኩሉ። ይህ ሰው ገንዘብ አላመጣም። መርዶ ነው ያመጣው። የበረኛው እናት ዛሬ ጠዋት አርፈዋል።»

አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ከመሀል ግን የከሰል ነጋዴዋ የእማማ ናሎንጎ ድምፅ መጣ። «ማን ናት ያረፈችው?» አሉ። «የሰሩንጆጊ እናት? እሷማ ያን ጨዋታ አጠገቤ ቁጭ ብላ በኔ ሬድዮ ነው የሰማችው። የቀበርናት ከዚያ ወዲያ ነው፣ መጋዘኑ ሲሠራ። የለቅሶውን ማቶኬ ሙዝ የላጥኩት እኔ ነኝ።» ሌላዋ ውኃ ቀድታ እንደነበር አስታወሰች። አንዱ መቃብሩን ቆፍሯል። በኛ ሰፈር ሌላው ሁሉ ይረሳል እንጂ ማን መቼ እንደተቀበረ፣ ለለቅሶ ማን ምን ይዞ እንደመጣና ማን እንደቀረ አይረሳም፤ በሞት መዋሸት አይቻልም። «ቪጄ፣ ሰው በቁሙ ትቀብራለህ?» አለ አንዱ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሌላው ደግሞ «ይልቅ ፖስታው ውስጥ ስንት እንደነበረ ንገረን» አለ። ሙዜ ዋሉሲምቢ ወደ ኋላ ዞር አላሉም፤ አንገታቸው ብቻ ነው ቀጥ ያለው። ናሉቤጋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ውሸቱ የሷ ነበር፣ አሁን ደግሞ እውነት ቢኖራትም ማን ያምናታል።

ሸራው ላይ ዋንጫው ደረሰ። በረኛውን የሆነው መልከ መልካም ልጅ ኳሷን እያየ፣ ዓይኑን በጥፋተኛ ዓይነት ሰበር አድርጎ አሳለፋት። ከመረቡ በስተጀርባ ቢጫ ቲሸርት የለበሰ ሰውዬ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ያን ጊዜ ኪጎዚ ፊልሙን አቆመው። መለሰው፣ እንደገና አሳየ። ሰውዬው እንደገና እጁን ጫነ።

«እዩት እስቲ ከጎሉ ጀርባ ያለውን» አለ ኪጎዚ። «ይኼ የምንሰድበው ልጅ ደሞዝተኛ ተዋናይ ነው፣ ከናይሮቢ የመጣ። እውነተኛው በረኛ ያ ነው። ባለ ቢጫው።»

ሰዉ ሸራውን አየ፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ኪጎዚ ማይክሮፎኑን ዘረጋ፤ ገመዱ ስላልደረሰ ሰሩንጆጊን እየገፉ ወደ ፊት አመጡት፣ ገመዱም በሙዜ ዋሉሲምቢ ራስ ላይ ተወጠረ። ሰሩንጆጊ ማይክሮፎኑን እንደ ባዕድ ዕቃ ያዘው።

«ፖስታ አልነበረም» አለ። «መኪናም አልነበረም። ስታዲየም የሄድኩት በእግሬ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ገባች?» አለ አንዱ ከኋላ።

የሰሩንጆጊን ፊት እያየሁ ነበር፤ «ሌባ» ሲሉት ኖረው እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም። «ቀላል ኳስ ናት» አለ። «ፀሐይ አልነበረም። ሜዳው ደረቅ ነው። ያዝኳት ስል አመለጠችኝ።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ይህን ያህል ዘመን የተወራለት ነገር «እንዲሁ» ሲሆን የተበላ ያህል ነው የተሰማው። እማማ ናሎንጎ «ምነው ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ሲያሙህ አፍህን ዘጋህ?» አሉት። «እማማ» አላቸው፣ «ሸጠ ሲሉኝ፣ ቢፈልግ ኖሮ ይይዛት ነበር ማለታቸው ነው። አልሸጥኩም ካልኩ ግን አይችልም ነበር ይሉኛል። ሌባ መባሉ ቀለለኝ።»

የሳቀ አልነበረም። ናሉቤጋ ሐዘን መጣባት፣ ከሐዘኑ ቀድሞ ግን እልህ መጣባት። የነጨችው ፀጉር፣ የተነጠቀችው ቦታ፣ ያ ሁሉ ሙግት፤ እሷ «አልሸጠም» ባለች ቁጥር እሱ «ታዲያ እንዴት ገባች» የሚለውን ጥያቄ እየፈራ በሆዱ ዝም በይ ሲላት ኖሯል። ሙዜ ዋሉሲምቢ ገመዱን ከራሳቸው ላይ አነሡና ቆሙ። «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አሉት። አሳያቸው፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ጎማ ጎማ የሚሸት። አገላብጠው አዩት። «በዚህ ነው ያመለጠችህ?» አሉ። «አዎ ጋሼ።» «ትልቅ እጅ ነው» አሉ፤ አዝነው ይሁን ቀልደው አልታወቀም። ከዚያ ወደ ናሉቤጋ ዞሩ። «ሴንጋ፣ ነገ እንመጣለን። ሌባ ቢሆን ነበር የሚቸግረን። ብቻ የሚወለዱትን የልጅ ልጆች በረኛ እንዳያደርግብን ይምከሩት።» አሁን ሰዉ ሳቀ፣ ሰሩንጆጊም ሳቀ፣ ሽማግሌው ተቀምጠው ኪጎዚን «ቀጥል እንጂ ልጄ፣ ከፍለናል» አሉት። ኪጎዚ ቀጠለ፤ ፌንጣዎቹ በፊልሙ ላይ በዓመቱ ተመልሰው ዋንጫውን በሉ፤ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ሰሩንጆጊ ነው።

ሲመሽ ወንድምና እህት ወደ ቤት በኪባንዳው በኩል ሲያልፉ ሁለተኛው ትርዒት ተጀምሯል። ኪጎዚ ገበያ ለመጥራት ድምፅ ማጉያውን ደጅ ሰቅሎታል። ናሉቤጋ የተረፋትን ፌንጣ በገበቴው ተሸክማ፣ ስለ ነገ ድንኳን እያወራች ነበር፤ ሰሩንጆጊ ግን ቆመ። «ወገኖቼ፣ ፖስታውን አትዩት» ይላል ኪጎዚ። «ለውጭ ሰው የተጨመረ ቅመም ነው። እኛ የምናውቀውን እናውቃለን። ይኼ ሰው አልሸጠም። ምስኪን፣ መያዝ ነው የማያውቀው።» ሳቁ በቆርቆሮው በኩል እየገፋ ወጣ። ናሉቤጋ የወንድሟን ፊት ላለማየት የገበቴውን ጨርቅ አስተካከለች፤ የቤቱ ስም ጸድቷል፣ የወንድሟ ልጅ ትዳራለች፣ ሌላ ምን ልትፈልግ ነው።

«ነክቻት ነበር እኮ» አለ ሰሩንጆጊ።

«ምኗን?»

«ኳሷን። በዚህ ጣቴ ነክቻታለሁ። መንገዷን አስቀይሬያታለሁ። ትንሽ ነው የቀረኝ።» ጣቱን በጨለማው አሳያት። «እሱን ለምን አይልም?»

ናሉቤጋ የምትለው ብዙ ነበራት፤ ለዓመታት የተጠራቀመ። ጎሜሲዋን ከጉልበቷ በላይ ሰብሰብ አደረገች፣ ገበቴውን ከራሷ አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያዝ» አለችው። «እንዳያመልጥህ።»

ተመልሳም፣ ያቺን ጣት ልታስጠራ፣ ወደ ኪጎዚ በር ሄደች።